ያላቋረጠችው ልጅ

አራት ትምህርት ቤት ብቻ ባላት በዚያች ትንሽ ወረዳ ሰው ሁሉ «እትዬ ማህተም» ይላታል። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ከደመወዝ መክፈያው ዝርዝር በቀር የትም አይነሣም፤ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የወረዳው ክብ ማህተም በእጇ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ አንገቷ ላይ በክር ይንጠለጠላል። ስድስት ኃላፊ ሸኝታ ሰባተኛው ላይ ደርሳለች። ባሏ፣ የደንብ ልብስ ሰፊው፣ «እኔ ሁለተኛ ባሏ ነኝ፤ የመጀመሪያው ማህተሙ ነው» እያለ ለጎረቤት ያወራባታል።

ቀልዱ ቀልድ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ግን ያንን መሳቢያ በከፈተች ቁጥር ልቧ ድው ይላል። ከማህተሙ ሥር የአንዲት ልጅ የአንደኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ተቀምጧል። ልጅቷ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው፤ በወረዳው መዝገብ ግን ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት።

እንዴት እንዲህ ሆነ የሚል ካለ፣ ነገሩ የጀመረው በክፋት አይደለም። በክፋት ቢጀመር ኖሮ ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ያውቀዋል።

ሰባተኛው ኃላፊ ሲመጣ መምህራኑ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ «መቶ በመቶ» ብለው ሰየሙት፤ ቃሏ ከአፉ ስለማትለይ። ሐሜት አይሁንብኝና ሰውየው ጥሩ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ሲሾሙ መጀመሪያ የሚያስቀይሩት ወንበር ነው። እሱ የእንግዳ ወንበሮቹን ለአንደኛ ክፍል ልጆች ሰጥቶ እንግዳውን አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። አራቱንም ትምህርት ቤት በእግሩ አዳረሰ። የቀሩ ልጆችን በየቤታቸው እየሄደ፣ በር እያንኳኳ፣ አንዳንዱን አባት እየለመነ፣ አንዳንዱን እየተቆጣ መለሳቸው። ከዚያ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሦስት ግብ አስጻፈ። አንደኛው «የሚያቋርጥ ተማሪ፦ ዜሮ» ይላል። ሁለተኛው «ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ቤቱ ድረስ ይፈለጋል» ይላል። ሦስተኛው ከመቶ ስንቱ ተማሪ ማለፍ እንዳለበት የሚናገር ነው። የሦስተኛው ቁጥር በየዓመቱ ከፍ ስለሚል ቀለም ቀቢው እየመጣ ያድሰዋል። ሁለቱን ግን ማንም አልነካቸውም፤ ቀለማቸው ተሰነጣጥቆ እዚያው አሉ።

ግቡ ጥሩ ነው፤ ማን ይጠላዋል? ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ስም ላይ መምህሩ ቀይ ክብ ያደርጋል፤ ቀይ ክቡን ያየ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን ወር ሲያልቅ ክቦቹ መቆጠር ጀመሩ። ክብ የበዛበት መምህር በስብሰባ መሃል ተነሥቶ ምክንያት ይጠየቃል፤ ክብ የሌለበት ይጨበጨብለታል። መምህርም ሰው ነው። በሁለት ወር ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ከወረዳው የጠፋ መሰለ።

ልጅቷን እትዬ ማህተም በደንብ ታውቃታለች። ጽሕፈት ቤቱ ያለው በትልቁ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስለሆነ አዲስ ተማሪ የምትመዘግበው እሷው ናት። እናትየዋ ግንባታ ቦታ ሲሚንቶ የምታቦካ የቀን ሠራተኛ ነበረች፤ ከሥራ አስፈቅዳ ስለመጣች ትቸኩላለች። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ከገባች እስክትወጣ አፏ አልተከደነም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ማህተም።»

«ምን ያደርጋል?»

«ወረቀትን እውነት ያደርጋል» አለች እትዬ ማህተም።

«ሰውንስ?»

«ሰው ላይ አይመታም።»

«ልንካው? አንዴ ብቻ! በቃ አንዴ!»

እትዬ ማህተም ሥራ ከገባች ጀምሮ ማህተሙን ያለ ወረቀት ስትመታ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። የልጅቷን ቀኝ እጅ ይዛ ጀርባው ላይ አሳረፈችላት። እናትየዋ «አንቺ ልጅ፣ ሰው አደከምሽ እኮ!» ብላ ስትጎትታት፣ ልጅቷ እጇን ከፍ አድርጋ «እውነት ሆንኩ! እውነት ሆንኩ!» እያለች ኮሪደሩን አናወጠችው።

ከስምንት ወር በኋላ እናትየዋ ብቻዋን መጣች። የንባብ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

«የመንግሥት ንብረት ነው ብላችሁ ነበር። እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አለች።

ልጅቷ ትኩሳት ያዛት። እናትየዋ ከሥራ ከቀረች ሥራውን ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ውኃና ዳቦ አጠገቧ እያኖረች ትወጣ ነበር። ዛሬ ይሻላታል፣ ነገ ይሻላታል ሲባል በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ እንባዋን እዚያው ጨርሳ ነው የመጣችው። ነግራት ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ «ስሟን ከመዝገቡ ሰርዙልኝ፣ እትዬ። በየቀኑ ሲጠሯት እንዳይውሉ።»

«እኔ ራሴ እሰርዘዋለሁ፣ እህቴ» አለች እትዬ ማህተም። ቃል ሰጠች።

እናትየዋ እንደወጣች የስም መጥሪያውን አስመጥታ ገለጠች፤ ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። ልጅቷ በታመመችባቸው ቀናት ሁሉ የራይት ምልክት አለ። በተቀበረችበት ቀን የራይት ምልክት አለ። ያን ዕለት ጠዋትም፣ ሰማያዊው ቀለም ገና ሳይደርቅ፣ የራይት ምልክት አለ። የክፍሉ መምህር አዲስ ምሩቅ ወጣት ነበር። ስትጠራው ገና ከበር ነው እንባው የመጣው። «ነገ ትመጣለች ብዬ ነው፣ እትዬ። ነገ ትመጣለች እያልኩ ነው። ስሟን ስጠራ አጠገቧ የምትቀመጠዋ ልጅ ‘አለች!’ ትላለች፤ እኔም ዝም ብዬ አልፋለሁ።»

ይዛው ወደ ኃላፊው ሄደች። መቶ በመቶ ሰማ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ የዓመቱን መጨረሻ ቅጽ ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አራት ዓምድ አለው፦ ያለፈ፣ የደገመ፣ በዝውውር የሄደ፣ ያቋረጠ።

«የቱ ላይ እንጻፋት፣ እትዬ?» አለ። «ያቋረጠች ልበላት? ምን አቋረጠች? ሞተች እንጂ። የሞት ዓምድ የለውም። ለጊዜው ባለችበት ትቆይ፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱን እጠይቃለሁ።»

ለጊዜው የሚሏት ቃል ዕድሜዋ ረጅም ነው። ኃላፊው ይጠይቅ አይጠይቅ እትዬ ማህተም አላረጋገጠችም፤ ማረጋገጥ ፈራች። ዓመቱ አለቀ። ወጣቱ መምህር የልጅቷን ካርድ ሞላ፤ የመምህር አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ «ጸጥተኛ ልጅ ናት» ብሎ ጻፈ። ሌላ ምን ይጻፍ? በዓመቱ መምህርነቱን ትቶ ስልክ ጠጋኝ ሆነ፤ እስከዛሬም እትዬ ማህተምን መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል።

የሁለተኛ ክፍል ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ ስሟ በእትዬ ማህተም ጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጻፈ። ስድሳ ስምንት ልጅ የያዘ መምህር መልኩን የማያስታውሰው ተማሪ ቢኖር አይደንቅም። ቦታውን ባዶ ቢተወው ጥያቄ ይመጣበታል፤ ስለዚህ መሃከለኛ ውጤት ሰጣት። አስተያየቱንም ካለፈው ካርድ ገለበጠ፦ «ጸጥተኛ ልጅ ናት። ተሳትፎዋን ብታሻሽል።» የሦስተኛ ክፍሉም እንዲሁ፤ የአራተኛውም እንዲሁ። ካርዷን የሚወስድ ወላጅ አልመጣም፤ ወላጅ ያልወሰደው ካርድ ግን በየዓመቱ ብዙ ስለሆነ ማንም ልብ አላለም።

ከሁሉ የከፋው ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ነው። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ወደ ክፍሎቹ ነው የሚከፈተው። ሁለት ሰዓት ላይ ስም ሲጠራ ይሰማል። ያ ስም ሲደርስ የሆነ ልጅ ድምፅ «አለች!» ይላል። መጀመሪያ የጓደኛዋ ድምፅ ነበር። በኋላ ጓደኛዋ ከወላጆቿ ጋር ሌላ ቦታ ሄደች፤ «አለች!» ማለቱ ግን አልቀረም። ለምን እንደሚሉት የሚያውቅ ልጅ የለም፤ ከትልልቆቹ የሰሙት የክፍሉ ልማድ ሆኗል። አንዳንዴ በቀጭን ድምፅ ይመጣል፣ አንዳንዴ ድምፁ በተሰባበረ ወንድ ልጅ። እትዬ ማህተም ሙቀቱ ሲብስ እንኳ መስኮቱን መዝጋት ጀመረች፤ ያም ሆኖ ትሰማዋለች።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ እያደር ከበዳት፤ ምክንያቱም ልጅቷ ታድጋለች። አራተኛ ክፍል ስትደርስ በሐሳቧ ጥርሷን አበቀለችላት። ስድስተኛ ስትደርስ ቁመቷን ጨመረችላት። ልጃገረዶቹ ተሰልፈው ሲያልፉ ሳታስበው ከመሃከላቸው አንዷን ትፈልጋለች፤ ስትፈልጋት እንደነበር ሲገባትም ዓይኗን ትሰብራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባሏ የደንብ ልብስ እየቆረጠ ሳለ «ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስንት ሜትር ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችው።

«ቀጭን ናት ወፍራም?»

«ቀጭን።»

«የማን ልጅ ናት?»

ከወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ መልቀም ጀመረች። ሰፊው ከመነጽሩ በላይ አያት። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ስለሆነ መቀስ አነሣና ሌላ ጨርቅ ሳበ። «ሆድ ይፍጀው ካልሽ ይፍጀው፤ ግን እየፈጀሽ ያለው አንቺን ነው» አለ።

የዘንድሮው ዓመት መጣ። ስምንተኛ ክፍል ትልቅ ፈተና አለው፤ ለፈተና ለመመዝገብ ደግሞ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ሰባት ዓመት በወረቀት ብቻ የኖረች ልጅ ፊት ተጠየቀች። በዚያው ወር ወረዳዋ ለሞዴልነት ታጨች። ሰባት ዓመት አንድም ተማሪ ያላቋረጠባት ወረዳ ሌላ የለችም። ካሸነፈች ለአራተኛው ትምህርት ቤት አራት አዲስ ክፍሎች ይሠሩለታል። የአራተኛው ትምህርት ቤት ልጆች ዝናብ ሲዘንብ መጽሐፋቸውን በሆዳቸው ሥር ይዘው ነው የሚማሩት፤ ኃላፊው ይህን ሲናገር ድምፁ ይሰበራል፤ የውሸት አልነበረም።

አንድ ሰኞ እትዬ ማህተምን ጠራትና በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ ይሄን ነገር እንጨርሰው» አለ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ገፋላት። ልጅቷ በወላጅ ጥያቄ ራቅ ወዳለ ቦታ በዝውውር መሄዷን ይገልጻል። «ከዝርዝሩ ትወጣለች፣ ፎቶም አይጠየቅም፣ ግቡም አይነካም። እርስዎም ያርፋሉ፤ ሲሠቃዩ አያለሁ እኮ። ማህተም ብቻ ነው የቀረው።»

«እስከ ነገ ስጡኝ» አለች።

ደብዳቤውን መሳቢያዋ ውስጥ፣ መጽሐፉ ላይ፣ አስቀመጠችው። አንዴ ብትመታው ነገሩ ያበቃል። ስሟ ይሰረዛል፤ ቃሏም በአንድ መንገድ ይፈጸማል። ግን ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ የትም ቦታ ሞታ አታውቅም። የሆነ ሩቅ ትምህርት ቤት ውስጥ በጸጥታ እየተማረች ለዘላለም ትኖራለች። እትዬ ማህተም ይህን ስታስብ ብርድ ብርድ አላት።

በዚያው ከሰዓት የስምንተኛ ክፍል መምህሩ ፎቶ ላላመጡ ተማሪዎች ወላጆች የሚላኩ አሥራ አንድ መጥሪያዎች ይዞ መጣ። እሷም እንደ ወትሮው አንድ በአንድ መታቻቸው። ከአሥራ አንዱ አንዱ ለማን እንደሆነ አይታ ነው የመታችው ወይስ እጇ በልማድ? ኋላ ባሏም ጠይቋታል፤ እውነቷን ነው አላውቅም ያለችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናትየዋ መጣች። እትዬ ማህተም በፊቷ አላወቀቻትም፤ ሰባት ዓመት የሃያ ዓመት ያህል አስረጅቷታል። ያወቀቻት በእጆቿ ነው፤ ሲሚንቶ የሰነጣጠቃቸው፣ ጥፍራቸው ሥር የነጣ እጆች። በአንዱ መጥሪያውን ይዛለች።

«እትዬ፣ ይሄን የጎረቤት ልጅ አምጥታ ሰጠችኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ እሷ ስታነብልኝ ደግሞ አላመንኳትም። እስኪ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

እትዬ ማህተም አነበበች፦ «ልጅዎ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚያስፈልገውን ፎቶግራፍ እስካሁን ስላላመጣች በአስቸኳይ ይዘው እንዲቀርቡ።»

«የኔ ልጅ?»

«ያንቺ።»

«ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች?»

በእናትየዋ ዓይን ላይ ያን ጊዜ ያለፈውን ነገር እትዬ ማህተም እስክትሞት አትረሳውም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ ተስፋ ነበር። እናትየዋ ራሷ ደነገጠችበት። ወንበሩን ሳትጋበዝ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሞታለች አይደል?» አለች። «እኔው ነኝ የቀበርኳት። አይደል?»

«ሞታለች፣ እህቴ። ስሟን እሰርዘዋለሁ ብዬሽ ነበር። አልሰረዝኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሁሉንም ነገረቻት፤ ግቡን፣ ቅጹን፣ ለጊዜው የተባለውን፣ «አለች!» የሚሉትን ልጆች።

እናትየዋ እስከመጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ፎቶ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ጥርስ የሌላት ልጅ እየሳቀች ነው፤ ፎቶ አንሺው አፍሽን ግጠሚ ቢላትም እንዳልሰማችው ያስታውቃል።

«ይዘሽ ነይ አላችሁኝ፤ ይዤ መጣሁ። ያለኝ ይሄ ብቻ ነው። ቆይ... ትምህርቷ እንዴት ነበር?»

እትዬ ማህተም ያልተወሰዱትን ሰባት ካርዶች አወጣች። ውጤቱን አነበበችላት፤ ሁልጊዜ መሃል ላይ ናት፣ ከስድሳ ስምንት ሠላሳ አራተኛ፣ ከሰባ ሠላሳ አምስተኛ። ከዚያ አስተያየቱን አነበበች።

«ጸጥተኛ?» አለች እናትየዋ። «ማን? ያቺ?» ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «ጎረቤቱ ሁሉ ‘ይህቺ ልጅ መቼ ነው የምታርፈው’ ይል ነበር እኮ። እጇ ላይ የመታሽላትን ማህተም አራት ቀን አላስታጥብም ብላ በግራ እጇ ስትበላ ሰነበተች። ጸጥተኛ!» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከእጆቿ ሥር፣ «ታዲያ የታመመች ሰሞን መቅረቷን ያየ አልነበረም?» አለች።

እዚህ ላይ እትዬ ማህተም አላውቅም ማለት ትችል ነበር። የዛሬ ሰባት ዓመት የስም መጥሪያ ማን ይፈልጋል? ማንም አያስገድዳትም፤ እናትየዋም ማንበብ አትችልም። ግን ተነሣች። ከታችኛው መደርደሪያ የአንደኛ ክፍሉን ስም መጥሪያ አወጣች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች፣ ገጹን ገልጣ እናትየዋ ፊት ዘረጋችው፣ ጣቷንም የልጅቷ ስም ላይ አደረገች።

«ይሄ ምልክት ምንድነው?»

«ተገኝታለች ማለት ነው።»

«የታመመችው ረቡዕ ነው። ረቡዕ የቱ ጋ ነው?» አሳየቻት። እናትየዋ በተሰነጠቀ ጣቷ ተራ በተራ እየነካች ሄደች፣ በሹክሹክታ እየቆጠረች። አንዱ ላይ ቆመች። «ይሄ ዓርብ የቀበርናት ዓርብ ነው።»

«አዎ።»

«እዚህ ነበረች ይላል?»

«ይላል።»

ድምፃቸውን ሰምቶ ይሁን ደብዳቤውን ሊጠይቅ፣ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል። የተዘረጋውን የስም መጥሪያ አየ፣ ፎቶዋን አየ፣ ማን እንደመጣች ገባው። ወደኋላ አላለም፤ እሱን አልክደውም።

«አለቃው እርስዎ ነዎት?» አለች እናትየዋ።

«ነኝ።»

«ልጅ ሲቀር ምንድነው የምታደርጉት?»

ኃላፊው በስተጀርባው ያለውን የኮሪደሩን ግድግዳ ዞሮ አየ። «እዚህ ተጽፏል» አለ።

«ማንበብ አልችልም። ያንብቡልኝ።»

አነበበላት። ሰባት ዓመት በየስብሰባው በቃሉ ያለውን፣ ያን ቀን ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ አንድ በአንድ አነበበው፦ «ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ፣ ቤቱ ድረስ፣ ይፈለጋል።»

«ጥሩ ነው» አለች እናትየዋ። «ማን ነበር የሚመጣው?»

«እኔ» አለ። «በዚያ ዓመት በየቤቱ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ቀይ ክብ ቢኖር... እኔ ነበርኩ የምመጣው።»

«በአራተኛው ቀን እኮ ገና ታወራ ነበር» አለች።

ኃላፊው የበሩን መቃን ያዘ።

ኋላ የሆነውን ላሳጥረው። ወረዳዋ ሞዴል አልሆነችም። አራተኛው ትምህርት ቤት ዛሬም ያፈሳል፤ እውነት ያለ ዋጋ ትገኛለች የሚል ካለ እነዚያን ልጆች ይጠይቃቸው። ኃላፊው ሳይጠየቅ ሁሉንም በገዛ እጁ ጽፎ ላከ፤ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ማስተማር ተመለሰ። እትዬ ማህተምም ማህተሙን አስረክባ በጡረታ ወጣች፤ ስሟ ግን አብሯት ቀረ። በስምንተኛ ክፍል ያ ስም ሳይጠራ የታለፈ ጠዋት ልጆቹ ግራ ተጋቡ ይባላል፤ አንዱ ከልማዱ የተነሣ ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ብቻውን «አለች!» ብሎ ጮኸ፤ የሳቀም አልነበረም።

ያን ዕለት ረፋድ ግን ገና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እትዬ ማህተም የዚያን ዓመት መጨረሻ ቅጽ ከመደርደሪያው አውጥታ ዘረጋች፤ የማስመሪያዋን ብትር አነሣችና ከአራቱ ዓምዶች ቀጥሎ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ አምስተኛ ዓምድ አሰመረች። የሞተችበትን ቀን እናትየዋ ነገረቻት፤ ጻፈችው። ፎቶዋን አጠገቡ ለጠፈች፤ በደንቡ መሠረትም ማህተሙን ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ መታች። ከዚያ የዝውውሩን ደብዳቤ ከመሳቢያዋ አውጥታ ለኃላፊው ሰጠችው። መጽሐፉን ለእናትየዋ ሰጠቻት።

«እነዚያ ወረቀቶችስ?» አለች እናትየዋ ካርዶቹን እያየች። መጀመሪያ እርስዎ ስትላት ቆይታ፣ ልጅቷ እጅ ላይ ስለተመታው ማህተም ስታወራ ነው አንቺ ማለት የጀመረችው፤ ሁለቱም አላስተዋሉትም። «አርሚልኝ። ጸጥተኛ የሚለውን።»

«ምን ልበል?»

«ለፍላፊ ናት በይ። የጠየቀችውን ካልመለሱላት አትተኛም በይ።»

እትዬ ማህተም በሰባቱም ካርድ ላይ አንድ አንድ መስመር ሰረዘች፤ ከላዩም እንደተነገራት ጻፈች፤ እያንዳንዱን እርማት በማህተም አጸናች። ስትጨርስ እናትየዋ አልተነሣችም፤ ማህተሙን ታያለች።

«ያኔ እጇ ላይ ያረፈው ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ። እትዬ ማህተም ቀለሙን አስነክታ በቀስታ መታችላት። ሲሚንቶ የሰነጠቀው ቆዳ ቀለም አልቀበል አለ፤ ደግማ መታችው። በሦስተኛው ክቡ ታየ። እናትየዋ ቀና አድርጋ አየችው፣ መጽሐፉን ብብቷ ሥር ከተተች፣ ወጣችም። ከሰዓት ሥራ ነበረባት፤ ሲሚንቶው ተዘርግፎ ይጠብቃታል።